ደብዳቤው የት ደረሰ?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪዬ ከክፍል ስንወጣ ጠብቆኝ፣ «መምህር፣ አጎቴ ለኤሌክትሪክ መኪና ቀብድ ሊከፍል ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳየው ግን ሪኮል አለበት ይላል። ይተወው?» አለኝ። «ሪኮሉ ተሠርቶለት እንደሆነ ይጠይቅ» ብዬው ቸኩዬ ስለነበር በዚሁ ተለያየን። መልሴ ግን ለራሴም አልበቃኝም። ጥያቄው ዛሬ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሪኮል ማለት

ሪኮል፣ በአማርኛ የደኅንነት ጥሪ ልንለው እንችላለን፣ ከፋብሪካ በወጣ ዕቃ ላይ አደጋ ሊያደርስ የሚችል ጉድለት ሲገኝ አምራቹ ዕቃውን መልሶ ጠርቶ በራሱ ወጪ የሚያስተካክልበት አሠራር ነው። ብዙ ሰው ከጋራንቲ ጋር ያምታታዋል። በጋራንቲ መኪናችሁ ሲበላሽ እናንተ አምራቹን ትጠይቃላችሁ። በሪኮል ግን አምራቹ ነው እናንተን የሚፈልገው፤ መኪናው በዚያ ሰዓት ምንም ሳይሆን ደህና እየሄደ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ደርሷቸው ችላ የሚሉ ሰዎች የሚበዙትም ለዚህ ነው፤ «የኔ መኪና ምንም አልሆነም» ይላሉ።

በአሜሪካ አሠራሩ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣ ሕግ ላይ ነው። አምራቹ ጉድለቱ ለደኅንነት እንደሚያሰጋ ካረጋገጠ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፤ ከዚያ በ60 ቀናት ውስጥ ለባለቤቶች ደብዳቤ ይልካል። ጥገናው በነፃ ነው። መብቱ ከመኪናው ጋር ስለሚሄድ፣ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 15 ዓመት ድረስ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ባለቤት እኩል ይጠቀምበታል።

የቦልት ታሪክ

ይህን ትምህርት ሳስተምር ሁልጊዜ የማነሣው ሸቭሮሌት ቦልት የተባለውን የጄኔራል ሞተርስ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ባትሪው ከአራት ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ በውስጡ 288 ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል እንደ ደብተር የተደራረቡ ስስ ሉሆች ጥቅል ነው። አንዱ ሉህ አኖድ፣ ሌላው ካቶድ ይባላል፤ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ መለያ ተዘርግቷል። ሉሆቹ የተነከሩበት ፈሳሽ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። መለያው ሥራውን እስከሠራ ድረስ ምንም ችግር የለም። አኖድና ካቶድ ከተነካኩ ግን ሴሉ ውስጡን ሾርት ያደርጋል፤ ይግላል፤ ሙቀቱ ጎረቤቱን ሴል ያግላል፤ ያ ደግሞ የሚቀጥለውን። እሳቱን የሚመግበው ከሴሉ ከራሱ ስለሚወጣ በብዙ ውኃ ካልቀዘቀዘ በቀር አይበርድም፤ ጠፋ ከተባለ ከሰዓታት በኋላም ሊነሣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ጄኔራል ሞተርስ ከ2017 እስከ 2019 ሞዴል የሆኑ 68 ሺህ ያህል ቦልቶችን ጠራ። ቆመው ሳሉ የተቃጠሉ መኪኖች ነበሩ፤ ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም ነበር። ስለዚህ በሶፍትዌር ባትሪው ከ90 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ተደረገ። በ2021 የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ጉድለት ያለበትን ሴል የሚለይ ሌላ ሶፍትዌር መጣና ችግሩ ተፈታ ተባለ።

በጁላይ 2021 ግን ያ ጥገና የተደረገላቸው ሁለት መኪኖች ተቃጠሉ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚከብደኝ ይህ ነው። እነዚያ ባለቤቶች ደብዳቤውን ተቀብለዋል፣ ጋራዥ ሄደዋል፣ የታዘዙትን ሁሉ ፈጽመዋል። ጥፋቱ የነርሱ አልነበረም። እዚህ ላይ ሥርዓቱን የማደንቅበት ምክንያትም አለ፤ ኩባንያው ተሳስቻለሁ ብሎ እንደገና ጠራቸው፣ በኦገስት 20 ቀን 2021 ደግሞ ጥሪውን እስከዚያ ቀን ድረስ ወደተሠሩት ቦልቶች በሙሉ አሰፋው። ጠቅላላው ወደ 142 ሺህ መኪና ደረሰ።

በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት ሁለት የፋብሪካ ስሕተቶች ናቸው፤ ከአኖዱ ጫፍ የሚወጣው የብረት ምላስ መቀደድና የመለያው መታጠፍ። አንዱ ብቻውን ሳይሆን ሁለቱ በአንድ ሴል ውስጥ ሲገናኙ እሳት ያስነሣሉ። ሴሎቹን የሠራው የኮሪያው ኤልጂ ነው፤ ከወጪው ውስጥ እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ለብዙ መኪኖች የባትሪው ሞጁሎች፣ ማለትም የሴሎቹ ስብስቦች፣ በአዲስ ተተኩ። የ2017ቱ ቦልት መጀመሪያ በአንድ ሙሌት 383 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ በአዲሱ ባትሪ 417 ሆነለት፤ የ8 ዓመት ዋስትናም እንደገና ተጀመረለት። እንግዲህ ለተማሪዬ አጎት «ሪኮል አለበት» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ሊነግረው ይችላል? ያው ስም የያዙ ሁለት መኪኖች አንዱ አዲስ ባትሪ ያገኘ፣ ሌላው ማንም ያልነካው ሊሆኑ ይችላሉ።

90 በመቶ ለምን?

ቁርጡ እስኪታወቅ ለባለቤቶቹ የተሰጠው ምክር ሦስት ነበር፦ ከ90 በመቶ በላይ አትሙሉ፤ የቀረው ጉዞ ከ113 ኪሎ ሜትር በታች እስኪሆን አታድርቁት፤ ቻርጅ እንዳደረጋችሁ ውጭ አቁሙት፣ ሌሊትም ቤት ውስጥ ሰክታችሁ አትተዉት። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ዝም ብሎ ጥንቃቄ ማብዛት ይመስላቸዋል። ምክንያት ግን አለው። ሴል ሲሞላ አኖዱ ያብጣል፣ ሲወርድ ይኮማተራል። ከባዶ እስከ ጢም ሲባል እንቅስቃሴው ትልቅ ነው፤ የታጠፈውን መለያ ይበልጥ ያሻሸዋል። ጢም ብሎ የሞላ ሴል ደግሞ ነገር ከተበላሸ የሚለቀው ኃይል ብዙ ነው። ውጭ ማቆሙ እሳቱን አያስቀርም፤ ቤተሰቡን ግን ያተርፋል።

በኋላ በ2023 ኩባንያው ለ2020 እስከ 2022 ሞዴሎች ሌላ መንገድ መረጠ። ሶፍትዌሩ ባትሪውን 10 ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪነዳ ድረስ በ80 በመቶ ይይዘዋል፣ ሴሎቹን ይከታተላል፣ ደህና ከሆኑ ወደ 100 ይለቀዋል። ያገለገለ ቦልት ስትገዙ 80 ላይ የሚቆም ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ጠይቁት።

ቦልት ብቻውን አይደለም። ሂዩንዳይ በፌብሩዋሪ 2021 ኮናን ጨምሮ 82 ሺህ ያህል የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ጠርቷል። የቻይናው ኒዮ በ2019 በውስጡ ሽቦ ሊጨፈለቅ በሚችል ሞጁል ምክንያት የ4,803 መኪኖቹን ባትሪ ለወጠ። ቢዋይዲም በ2025 ከ115 ሺህ በላይ ታንግና ዩዋን ፕሮ ጠርቷል፤ በዩዋን ፕሮዎቹ ላይ የተገኘው ችግር የባትሪው በደንብ አለመታሸግ ነበር።

ቻርጀሩም ይጠራል

ሰው ስለ ባትሪው ሲጨነቅ ገመዱን ይረሳል። ፎርድ በ2018 በሰሜን አሜሪካ ከ50 ሺህ በላይ መኪኖች ጋር የተሰጠውን የቤት ቻርጀር ገመድ ጠራ። ገመዱ ያረጀ ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር የሚጋራ ሶኬት ላይ ሲሰካ ሶኬቱ ከመጠን በላይ ይግል ነበር። መፍትሔው ቀላልና ብልህ ነው፤ በአዲሱ ገመድ ሶኬት ራስ ላይ ሙቀት የሚለካ ቁራጭ ተጨመረ፤ ሲግል ቻርጁን ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀጥላል። ቴስላም በ2016 ለቤት ሶኬት የሚያገለግል አንድ ዓይነት አዳፕተሩን በመጋሉ ምክንያት ሰብስቧል።

ይህን ለእኛ ቤት ስተረጉመው ሁልጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚወስድ የመኪና ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ከምጣድ ጋር እኩል ያህል ነው። የምጣድ ሶኬት ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ያላየ ማን አለ? ምጣዱ ግን የሚበራው እንጀራው እስኪያልቅ ነው። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ይስባል፣ ያውም ሁሉም ተኝቶ ሳለ። የላላ ሶኬት ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከኮረንቲው መጠን ጋር በካሬ ያድጋል፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካው የፎርድ ገመድ በ120 ቮልት ከምጣድ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ኃይል እየሳበ ሶኬት አግሏል። ስለዚህ የመኪና ቻርጀር በኤክስቴንሽን አይሰካም። ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይመጣለታል፤ ኧርዝም ይኖረዋል። የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ቻርጁ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። የሚያቃጥል ከሆነ አጥፉትና ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

ደብዳቤው የማይደርሰው መኪና

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማድረጓን አሳወቀች። ከዚያ ወዲህ ከገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ስክሪናቸው በቻይንኛ ያወራል፣ የቻርጅ መሰኪያቸውም የቻይና ነው። የመጡት በአምራቹ ወኪል ሳይሆን በነጋዴ እጅ ከሆነ አምራቹ እናንተን አያውቃችሁም። ቻይና ውስጥ የገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሪኮል ሲያወጣ ማስታወቂያው የሚደርሰው እዚያ ለተመዘገበው ገዢ ነው። መኪናው አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ እንዳለ የሚያውቅ የለም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍተት ነው። መኪናውን ለሚያስገቡትም፣ ሰሌዳ ለሚሰጡትም መሥሪያ ቤቶች የምለው አለኝ፦ የሻንሲ ቁጥሮቹ በእጃችሁ ናቸው፤ ከአምራቾቹ የጥሪ ዝርዝር ጋር አመሳክሩና ለባለቤቱ ስልክ ደውሉለት።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በኤሌክትሪክ መኪና ሰው እያመላለሱ የሚተዳደሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ሙሉ በሙሉ አላመለጡም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ35 በላይ መኪና ያለው አከራይ ሪኮሉ ሳይሠራ ማከራየት አይችልም። ያገለገለ መኪና ሻጭን ግን ያው ሕግ አያስገድደውም። ደብዳቤው በቀድሞው ባለቤት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ቀርቶ መኪናው እናንተ ቤት ሊያድር ይችላል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ። ሊብሬው ላይ አለ፤ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስተዋቱ ሥርም ይታያል። ሁለቱ ይመሳሰሉ። መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብታችሁ ያልተሠራ ሪኮል እንዳለው በነፃ ታያላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያ ገጽ ለሌላ አገር የተሠሩ መኪኖችን አያውቅም፤ ስለዚህ ለቻይናው መኪና «ምንም አልተገኘም» ቢላችሁ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ለእርሱ የቻይናውን አምራች በሻንሲ ቁጥሩ መጠየቅ ይገባል። አስመጪው ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ያምጣላችሁ፤ የሚሸጠውን የሚያምን ነጋዴ ይህን አይከለክልም።

ባትሪውን ማን እንደሠራውም ጠይቁ። በኦገስት 2024 ኮሪያ ኢንቾን ከተማ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት የቆመ መርሰዲስ ቻርጅ ላይ ሳይሆን ተቃጥሎ ከ20 በላይ ሰዎች በጭስ ታፍነው ለሕክምና ተወስደዋል። ከዚያ በኋላ የኮሪያ መንግሥት አምራቾች የባትሪያቸውን ሠሪ እንዲገልጹ አደረገ። እኛ አገርም ገዢው ይህን የማወቅ መብት ሊኖረው ይገባል።

መኪናውን ቀድሞ የገዛችሁም አልዘገያችሁም። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ዛሬ ማታ ሊብሬውን አውጡና ገልብጡት፤ ነገ ለአስመጪው ይዛችሁ ሂዱ።