ብርቅነቱን የሚወስነው ሻጩ ነው

እትዬ፤

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት የሦስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ላቡቡ የሚባለውን አሻንጉሊት መሰብሰብ የጀመርኩት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እንቅልፍ አሳጥቶኛል። አዲስ ምርት በሚወጣበት ሰዓት ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ገና ስነካው «አልቋል» ይለኛል። እጄ ቀርፋፋ ነው መሰለኝ። በማግሥቱ ያው ዕቃ በሦስት እጥፍ ዋጋ ሌላ ቦታ ሲሸጥ አየዋለሁ። «ቢግ ኢንቱ ኢነርጂ» ከሚባለው ተከታታይ ብቻ ውስጡ የትኛው እንዳለ ሳይታወቅ የሚሸጥ 19 ሳጥን ገዝቼ አንዷ ቀለም ጎድላኛለች፤ ሚስጥር የሚባለውንም አላገኘሁም፤ ዕድል የለኝም። ከነጋዴ በ95 ዶላር የገዛሁት ዛሬ 40 አያወጣም። ሁለቱ ደግሞ ሐሰተኛ ሳይሆኑ አይቀሩም። ባለቤቴ የዕቁብ ገንዘቤን ምን ላይ እንዳዋልኩት ሲያውቅ «ለአሻንጉሊት?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ለልጃችን ትምህርት የሚሆን ነገር እያስቀመጥኩ መስሎኝ ነበር። ልሽጣቸው? ልተወው? ወይስ ልታገስ?

እህትዎ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከወጪው ይልቅ ያሳሰበኝ ጥፋቱን ሁሉ በራስሽ ላይ መጫንሽ ነው። እጅሽ ስለቀረፈፈ፣ ዕድልሽ ስለከዳሽ የሆነ አድርገሽ ጽፈሽዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያበሳጨሽ ነገር ሁሉ፣ ጥበቃው፣ «አልቋል» የሚለው ጽሑፍ፣ የጎደለችው አንዷ ቀለም፣ ዕቃው የሚሸጥበት ዘዴ ራሱ ነው። ይህን በደንብ ካላየሽ የምሰጥሽ ምክር ሁሉ «ራስሽን ግዢ» ከሚል ተግሣጽ አያልፍም፤ እሱን ደግሞ ቤትሽ ውስጥ በበቂ ሰምተሻል።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንየው። አንዱ ሳጥን አሜሪካ ውስጥ የወጣበት ዋጋ 27 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። ተከታታዩ ስድስት መደበኛና አንድ ሚስጥር አለው፤ ሚስጥሩ የሚገኘው ከ72 ሳጥን በአንዱ እንደሆነ አምራቹ ኩባንያ ራሱ አስታውቋል። እንግዲህ 72 ሳጥን የሚገዛ ሰው ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣል፤ የእያንዳንዱ ሳጥን ዕጣ ለብቻው ነው ብለን ካሰላን ደግሞ ያን ሁሉ አውጥቶም ከሦስት ገዢ አንዱ ባዶ እጁን ይመለሳል። መደበኞቹን ስድስቱን ሳጥን በሳጥን እየገዙ ለማሟላት በአማካይ 15 ያህል መግዛት ያስፈልጋል፤ ከ400 ዶላር በላይ ማለት ነው። ያልተከፈተውን ሙሉ ካርቶን የሚገዛ ግን ስድስቱንም ሳይደጋገሙ በ168 ዶላር ገደማ ያገኛል። 19 ገዝተሽ አንዷ መጉደሏ የአንቺ ዕድል የተለየ ሆኖ አይደለም፤ በዚህ መንገድ ከሚገዙ አምስት ስድስት ሰዎች አንዱ የሚደርስበት ነው። ሱቅ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሳጥኑን ጆሯቸው ሥር አድርገው ሲነቀንቁ፣ በመዳፋቸው ክብደቱን ሲገምቱ፣ መልሰው አስቀምጠው ሌላውን ሲያነሡ አይተሽ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ዕጣ እያወጡ እንደሆነ ያውቁታል። የዕቃው አገር ቻይናም ታውቀዋለች፤ የአገሪቱ የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሰኔ 2023 ባወጣው መመሪያ ሻጮች የዕጣውን መጠን እንዲገልጹ፣ ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆችም እንዳይሸጡ ወስኗል። መጫወቻ ለልጅ አይሸጥ የሚል መመሪያ ማውጣት ካስፈለገ የሚሸጠው ነገር መጫወቻው ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ለልጅሽ ትምህርት አስቀመጥኩ ወዳልሽው። የቆዩ መጫወቻዎች ውድ እንደሚሆኑ ሁላችንም ሰምተናል፤ እውነትም ነው። ግን እንዴት ውድ እንደሆኑ ማየት ያስፈልጋል። በ1977 «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም ሲወጣ ኬነር የተባለው ኩባንያ መጫወቻዎቹን ለገና ማድረስ አልቻለም፤ ስለዚህ ወላጆች የምስክር ወረቀት የያዘ ባዶ ማሸጊያ ገዝተው ሄዱ፤ መጫወቻዎቹ በፖስታ የደረሷቸው በ1978 ነው። ልጆቹም ተጫወቱባቸው። እጃቸው ተገነጠለ፣ ትንንሾቹ መሣሪያዎች ሶፋ ሥር ገቡ፣ ካርቶኑ ተጣለ። ዛሬ ማሸጊያው ሳይከፈት የተገኘ ቁራጭ ውድ የሆነው ያኔ ማንም ላስቀምጠው ስላላለ ነው። ከኩባንያው የስታር ዋርስ መጫወቻዎች መካከል ቦባ ፌት የተባለው ሮኬት ተኳሽ ናሙናው ተሠርቶ ለደኅንነት ሲባል ገበያ ሳይወጣ ቀረ፤ ከናሙናዎቹ አንዱ በ2024 በጨረታ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። ይህን ብርቅነት ያመጣው የልጆች ጨዋታ፣ የአጋጣሚና የዘመን ሥራ ነው። ማንም ተነሥቶ ሊያበዛው አይችልም። የአንቺዎቹ ብርቅነት ግን አንድ ድርጅት ስንት ላምርት ብሎ ሲወስን የተፈጠረ ነው፤ የወሰነው ሊሽረው ይችላል። ከዚያም በላይ ገዢዎቹ ሁሉ እንደ አንቺ ሳጥኑን ሳይቀር እየጠበቁ ስለሆነ ከ20 ዓመት በኋላም ንጹሕ ሆኖ የሚቀመጠው ብዙ ነው።

ይህ ግምት አይደለም፤ ሆኖ ታይቷል። ታይ ዋርነር በ1993 «ቢኒ ቤቢስ» የተባሉትን ትንንሽ የጨርቅ እንስሳት ገበያ አወጣ። ለትልልቅ መደብሮች ሳይሆን ለትንንሽ ሱቆች ጥቂት ጥቂት ያድል ነበር፤ በየጊዜውም «ይህ ከእንግዲህ አይሠራም» እያለ አንዳንዱን ያስወጣ ነበር። አምስት ዶላር ያህል የነበረው እንስሳ በመቶዎች ተሸጠ፤ ለልጆቻችን ኮሌጅ ይሆናል ብለው በሳጥን ያከማቹ ቤተሰቦች ጥቂት አልነበሩም። በ1999 ላስ ቬጋስ ውስጥ ሲፋቱ ስብስባቸውን መከፋፈል ያቃታቸው ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ወለል ላይ ተንበርክከው፣ ዳኛው እያየ፣ አንድ ለአንቺ አንድ ለእኔ እያሉ ተካፈሉ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ምርቱን በሙሉ አቆማለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ከዚያ ሕዝቡን በስልክ ድምፅ አሰጥቶ እንደገና ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ወደቀ። ዛሬ አብዛኞቹ ጥቂት ዶላር ነው የሚያወጡት፤ እነዚያ ባልና ሚስት የተካፈሉትም ከዚያ በላይ የሚያወጣ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

የአንቺም ዕቃ በዚያው መንገድ ላይ ነው። ላቡቡን ካሲንግ ሉንግ በ2015 ለሥዕል መጽሐፍ ፈጠረው፤ ፖፕ ማርት የተባለው ኩባንያ ከ2019 ጀምሮ ያመርተዋል፤ በ2024 ሊሳ የተባለችው የብላክፒንክ ዘፋኝ ካሳየችው በኋላ ዓለም ተረባረበበት። በግንቦት 2025 ብሪታንያ ውስጥ ገዢዎች ተደባድበው ኩባንያው በሱቆቹ መሸጡን ለጊዜው አቆመ። በሰኔ ቤጂንግ ላይ የሰው ቁመት ያለው አንድ ላቡቡ በጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጠ፤ ዜናው በየስልኩ ዞረ። በዚያው ወር ግን ኩባንያው ቅድመ ትእዛዝ ከፍቶ በብዛት ሲያቀርብ ቻይና ውስጥ የነጋዴዎቹ ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። በ95 ዶላር ገዝተሽ 40 የማያወጣው ላቡቡሽ የደረሰበት ይኸው ነው። የከሰርሽው አንቺ ነሽ፤ ኩባንያው በ2025 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ብቻ ከ2024 ሙሉ ዓመት የበለጠ ገቢ አገኘ።

«ሌጎ የተባለው የሚገጣጠም መጫወቻስ አትርፎ የለም?» ትይኝ ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በሩሲያ የሚገኘው የከፍተኛ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከ1987 እስከ 2015 የወጡ ከ2,000 በላይ የሌጎ ስብስቦችን ዋጋ ተከታትለው በአማካይ በዓመት 11 በመቶ ያህል ትርፍ እንዳስገኙ ደርሰውበታል። ይህን አልክድም። ነገር ግን እነዚያው ተመራማሪዎች ልዩነቱ በጣም ሰፊ እንደሆነ፣ በዓመት ግማሽ ዋጋውን ያጣም እንዳለ ጽፈዋል። ትርፉ የሚታየው ምርቱ ከቆመ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ማከማቻ፣ መላኪያና ኮሚሽን ደግሞ በራስሽ ነው። አማካዩ የአንቺን ሳጥን አይነግርሽም። ሌላውንም ጎን እዪ፤ ፈንኮ የተባለው ኩባንያ በመጋቢት 2023 ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት መጫወቻ ማስቀመጫ ስላጣለት ሊያስወግደው መሆኑን አስታወቀ፤ ከማከማቸት መጣሉ ቀልሎት። የዚያው ኩባንያ ሌሎች ምርቶች በተወሰነ ቁጥር የወጡ ተብለው በመቶዎች ዶላር ይሸጡ ነበር። ፕላስቲኩ ግን ያው ነው።

ኩባንያዎቹ ጥፋቱን በነጋዴዎችና በቦቶች ያሳብባሉ፤ ከፊሉ እውነት ነው። ቦት የሚባል፣ በሰው እጅ ፍጥነት የማይቻል ግዢ የሚፈጽም ፕሮግራም አለ፤ የአንቺ እጅ ቀርፋፋ ሆኖ አይደለም። አሜሪካ በ2016 ያወጣችው የቦት ሕግ የሚከለክለው የትርኢት ቲኬትን በቦት መግዛት ብቻ ነው፤ ለመጫወቻና ለሌላ ዕቃ የሚሆነው ረቂቅ ለኮንግረስ በተደጋጋሚ ቀርቦ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ነገር ግን ሕግ ባይኖርም መፍትሔ አለ፤ ለተወሰነ ጊዜ ቅድመ ትእዛዝ ከፍቶ ለከፈለው ሁሉ ማምረት ይቻላል። ፖፕ ማርት ራሱ በሰኔ 2025 አደረገው፤ ነጋዴዎቹም ወዲያው ከሰሩ። ሲፈለግ የሚቻል ነገር በሌላው ጊዜ ካልተደረገ የ«አልቋል» ጥቅም ለማን እንደሆነ ማወቅ አይከብድም።

ባለቤትሽን በተመለከተ በአንድ ነገር እለየዋለሁ፤ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ቢወድ ነውር የለበትም። ቆንጆ ነገር ማየት፣ መደርደር፣ ስለ ሠዓሊው ማወቅ ደስታ ነው፤ ሰው ለደስታው ገንዘብ ያወጣል። በሌላው ግን ልክ ነው፤ የዕቁብ ገንዘብ የቤት ገንዘብ ነውና ሳትነግሪው ማዋል አልነበረብሽም። ቁጭ በይና ያወጣሽውን በሙሉ፣ ከመላኪያው ጋር፣ በወረቀት ጽፈሽ አሳዪው። «ቁጠባ ነው» አትበዪው፤ ወጪ መሆኑን እመኚለት። ከዚያ ለዚህ ነገር በወር ስንት እንደሚፈቀድ አብራችሁ ወስኑ። ለልጃችሁ ትምህርት የሚሆነውን ደግሞ ሜሪላንድ ለዚሁ ባዘጋጀችው የኮሌጅ ቁጠባ ሒሳብ አስቀምጡ።

ሁሉንም አትሽጪ። በጣም የምትወጃቸውን ለይተሽ ከሳጥናቸው አውጥተሽ መደርደሪያ ላይ አኑሪያቸው፤ የተደጋገሙትን ባገኘሽው ዋጋ ሽጪ፤ የከፈልሽው ይመለሳል ብለሽ አትጠብቂ። የጎደለችሽን ቀለም ከፈለግሽ ሳጥኗ የተከፈተ፣ ማንነቷ የታወቀ ግዢ፤ ከዋናው ዋጋ በላይ ግን አትክፈዪ። ከእንግዲህ ዕጣ አታውጪ። የሚስጥሩን ነገር እርሺው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። የጠረጠርሻቸውን ሁለቱን አውጥተሽ ጥርሳቸውን ቁጠሪ፤ እውነተኛው ላቡቡ ዘጠኝ ጥርስ አለው፤ አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ይስቱታል። ዘጠኝ ሆኖ ቢገኝም የስፌቱን አያያዝና ሳጥኑ ላይ ያለውን ምልክት እዪ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በነሐሴ 2025 እንዳስጠነቀቀው ሐሰተኞቹ ትንንሽ ልጆችን ሊያንቁ ይችላሉ። ልጅሽ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለቱን አትሽጪያቸው፣ ለሰውም አትስጪያቸው፤ ጣያቸው።