ከሰማይ የታየ ዛፍ ሁሉ ደን ነው?

የአየር ፎቶግራፍ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሠርግ ላይ የሚበረው ድሮን ነው። የአገራችን የአየር ፎቶ ግን ከዚህ በጣም ይቀድማል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ብዙ ቦታ ከአውሮፕላን አንስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ የኛ የጎጃም መሬት ተነሥቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ባለ መስመር እየበረረ ሲያነሳ አንዱ ፎቶ በሌላው ላይ 60 በመቶ ያህል ይደረባል። ሁለቱን አጠጋግቶ በስቴሪዮስኮፕ ያየ ሰው ገደሉንም ዛፉንም ከነከፍታው ያገኘዋል። ከዚያ በጥቁረቱ፣ በቅርጹና በጥላው እየለየ ደን፣ ቁጥቋጦ፣ ግጦሽና እርሻ እያለ ያሰምራል። በደብረ ኤልያስ ዙሪያ እንዳሉት ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በእርሻው መሀል እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያሉ። ግን ስኬሉ 1:50,000 ከሆነ 100 ሜትር ስፋት ያለው ደን ፎቶው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! ታዲያ እዚያች ነጥብ ውስጥ ያለው ጽድ ነው፣ ወይራ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ?

ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከኛ ብዙም በማይርቀው በደምበጫ አካባቢ ጌቴ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ ባጠኑት መሠረት የተፈጥሮ ደን በ1957 ከነበረበት 27 በመቶ በ1982 ወደ 2፣ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ ወርዷል (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። በደብረ ማርቆስ አጠገብ በጨሞጋ ተፋሰስ ግን ወልደአምላክ በእውቀት የ1957ቱን ፎቶ ከኋለኞቹ ጋር ሲያወዳድሩ በዛፍ የተሸፈነው መሬት ጨምሮ ነው ያገኙት። ምክንያቱ በአብዛኛው ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለቱ ጥናቶች አይጣሉም፤ አንዱ የቆጠረው የተፈጥሮ ደንን ነው፣ ሌላው የተተከለውንም ጨምሮ ነው።

እንግዲህ የተጠበቀ ደን ካርታ የሚሠራ ሰው ፎቶውን ይዞ ወደ ቦታው መውረድ፣ ዛፉን በስሙ መለየት አለበት። አለበለዚያ አገር በቀሉ ዛፍ ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ቢተካ ካርታው «ምንም አልጎደለም» ሊለን ነው። ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለሥልጣን «የደን ሽፋን ጨመረ» ብሎ መቶኛ ሲነግረን፣ ከመጻፋችን በፊት «የትኛው ዛፍ?» ብለን እንጠይቅ።