የጤና ትምህርት፦ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው እንዴት እንርዳ?

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ እርግማን አይደለም። በንክኪም ሆነ ከአፍ በሚወጣ አረፋ አይተላለፍም። ስለዚህ ከወደቀ ሰው አትሽሹ። በደቡብ ሱዳን፣ በማሪዲ አካባቢ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት ከ100 ሰዎች ከ4 በላይ የሚሆኑት ይህ ሕመም ነበረባቸው።

ሰው ሲወድቅ፦

1. ከእሳት፣ ከውኃና ከስለት አርቁት፤ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት።

2. እጅና እግሩን በጉልበት አትያዙ። በአፉ ማንኪያ፣ ውኃም ሆነ ኪኒን አትክተቱ።

3. ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም፤ ሊያቃጥለው ይችላል።

4. መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፤ እስኪነቃ ከአጠገቡ አትለዩ።

5. ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ዳግም ከጣለው፣ ወይም የወደቀችው ነፍሰ ጡር ከሆነች ፈጥናችሁ ወደ ክሊኒክ ውሰዱ፤ ጁባ ከተማ ያላችሁ ወደ ጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል አድርሱ።

ስለ መድኃኒት፦ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በድንገት ማቋረጥ የለበትም። ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል፤ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። ኪኒኑ ሳያልቅ ቀድማችሁ ክሊኒክ ሂዱ።

ለቤተሰብ፦ ሕመምተኛው ብቻውን ምድጃ ዳር አይቀመጥ፣ ወንዝም አይውረድ። ልጅ ከሆነ ግን ከትምህርት ቤት አታስቀሩት።