ልዩ ልዩ ፍሬዎችን በአንድ ግንድ ላይ ስለ ማዳቀል
ለአትክልት ባለቤቶች የተሰጠ ምክር

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፣ በ11ኛው ምዕራፍ፣ የበረሓ ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ላይ መግባቱን ምሳሌ አድርጎ ሲያስተምር፣ ነገሩ ከባሕርይ ውጪ መሆኑን አልሸሸገም፤ አትክልተኛ የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነውና፤ ሥሩ በበረታው በኮምጣጣው ግንድ ላይ ፍሬው የጣፈጠውን ያዳቅላል።

ማዳቀል ግን ያለ ዝምድና አይጸናም። ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሎሚና ትርንጎ የአንድ ነገድ ልጆች ስለ ሆኑ በአንድ ግንድ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ኮክና ፕሪምም እንደዚሁ ናቸው፤ ማንጎን በአቮካዶ ላይ ማዳቀል ግን ከንቱ ድካም ነው። የሊቃውንቱን ቃል ለመዋስ፣ ግጥሚያው ያለ ቱሳሔ፣ ማለትም ያለ መቀላቀል፣ ስለሚሆን፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንደየጠባዩ ያፈራል፤ የሎሚ ጉርብትና ብርቱካኑን አያኮመጥጠውም።

መሠረት የሚሆነው የኮምጣጣ ብርቱካን ችግኝ እንደ እርሳስ ሲወፍርና ልጡ በቀላሉ ሲላቀቅ፣ ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ብላችሁ፣ በተሳለና በአልኮል በተወለወለ ቢላዋ ልጡን ብቻ የ«ፐ»ን ፊደል አስመስላችሁ ሰንጥቁ። ከተመረጠው ዛፍ ቀንበጥ ላይ ቅጠሉን ቆርጣችሁ እጀታውን አስቀሩና፣ አንዲቱን ዓይን ከነልጧ እንደ ጋሻ ቀርፋችሁ፣ ሳትደርቅና ሳትገለበጥ በስንጥቁ አስገቡ፤ ዓይኗንና እጀታዋን ብቻ ገልጣችሁ በላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሁለቱን የሚያዋሕደው ከልጡ ሥር ያለው ስስ ለምለም ሽፋን ነውና ጣት አይንካው፣ አፈርም አይግባበት። በአደገ ዛፍ ላይ ብዙ ዓይነት የሚሻ ሰው በየዋናው ቅርንጫፍ አንድ አንድ ዓይነት ያዳቅል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እጀታዋ በጣት ሲነካ ከወደቀና ዓይኗ አረንጓዴ ከሆነች ጸንታለች፤ እጀታው ደርቆ ከተጣበቀ ሞታለች። ከጸናች ማሰሪያውን ፍቱና ከበላይዋ ያለውን ግንድ ቁረጡ፤ ከግጥሚያው በታች የሚያቈጠቍጠው ሁሉ የኮምጣጣው ልጅ ነውና ሳይውል ሳያድር ይነቀል።

ትሪስቴዛ የተባለው የቫይረስ ደዌ ከዓይኒቱ ጋር ተሸጋግሮ በኮምጣጣ መሠረት ላይ የቆመውን ብርቱካን ስለሚያደርቅ፣ ጤንነቱ ካልታወቀ ዛፍ ቀንበጥ አትቀበሉ። ሎሚም ጉልበተኛ ነው፤ ቅርንጫፉን በየዓመቱ ካልገረዛችሁት፣ የብርቱካን ዛፍ ያላችሁት ከጥቂት ዘመን በኋላ ሎሚ ብቻ ሆኖ ይጠብቃችኋል።