ቦክሰኛ ከአማተር ምን ይዞ ይወጣል?

እዚህ ቡልቡላ «አማተር ጊዜ ማባከን ነው፣ ብሩ ያለው ፕሮፌሽናል ላይ ነው» የሚሉ ልጆች አሉ። እኔ አልስማማም።

መሐመድ አሊን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1960 እ.ኤ.አ. የሮም ኦሎምፒክ፣ እሱም በ18 ዓመቱ በቦክስ ወርቅ ወስዷል። በፍጻሜው የገጠመው ፖላንዳዊ ግራኝና ልምድ ያለው ሰው ነበር። የአማተር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ውድድር ውስጥ ዛሬ ረጅም፣ ከነገ ወዲያ ግራኝ ይገጥምሃል፣ ዓይንህ ይለምዳል። አሊ በ1964 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ግን አማተር ሁሉንም አያስተምርም። የኦሎምፒክ ግጥሚያ 3 ዙር ነው፣ የፕሮፌሽናል ሻምፒዮና 12። አንዱ ዙር 3 ደቂቃ ስለሆነ 9 ደቂቃና 36 ደቂቃ ማለት ነው! የዩክሬኑ ሎማቼንኮ በአማተር 396 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 1 ጊዜ ብቻ ነው። በ2014 ግን ገና በሁለተኛው የፕሮፌሽናል ግጥሚያው በሳሊዶ ተሸነፈ። ሳሊዶ እኮ ከዚያ በፊት ከ10 ጊዜ በላይ የተሸነፈ ሰው ነው፤ 12 ዙር እንዴት እንደሚያልቅ ግን ያውቃል። ሎማቼንኮም ቶሎ ተማረ፤ በዚያው ዓመት በሦስተኛው ግጥሚያው ሻምፒዮን ሆነ።

ያለ አማተር ቦክስ የመጣውስ? የዩኤፍሲ ሻምፒዮን የነበረው ካሜሩናዊው ንጋኑ በ2023 ፉሪን መሬት ላይ ጥሎት ነበር፣ በነጥብ ግን ተሸነፈ። በ2024 ደግሞ የለንደን ኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤቱ ጆሹዋ በ2ኛው ዙር ዘረረው። ጆሹዋ ቦክስ የጀመረው በ18 ዓመቱ ነው፤ 8ኛ ክፍሎች፣ ገና ጊዜ አላችሁ።