ዕድሜ፣ ዳገትና የተረከዝ ጅማት፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለጤና የሚሮጡ ጎልማሶች የጉዳት አያያዝ

አሕጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ ከ40 ዓመት በላይ ሆነው ለጤናና ለመዝናኛ በሚሮጡ ሰዎች ላይ በተደጋጋሚ ጫና ምክንያት የሚደርሰውን ጉዳት ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው መልክዓ ምድር አንጻር ይመረምራል። የታተሙ ጥናቶችን በማገናዘብ፣ ሩጫን ጨርሶ መተውም ሆነ ሕመምን ችሎ መቀጠል እንደማያዋጣ ያሳያል። የሚያዋጣው ጫናን በዳገትና በቁልቁለት ልክ መመጠንና በማግስቱ ጠዋት የሚታየውን ምልክት መከታተል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የተረከዝ ጅማት፣ ጎልማሳ ሯጭ፣ ቁልቁለት፣ ጫና፣ መካነ ሰላም

1. መግቢያ

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ፣ ሩጫ ከአትሌቶች አልፎ የመምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛውና የጡረተኛው ልማድም እየሆነ መጥቷል። ይሁን እንጂ ለጤናው የሚሮጥ ጎልማሳ ተረከዙ ወይም ጉልበቱ ሲታመም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ዕድሜህ ነው፣ ተወው» የሚል ነው። ይህ ምክር ዋጋ ያስከፍላል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሯጮች ከማይሮጡ እኩዮቻቸው ጋር ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ተነጻጽረዋል። በ19ኛው ዓመት ከሯጮቹ 15 በመቶ፣ ከማይሮጡት ደግሞ 34 በመቶ የሚሆኑት በሞት ተለይተዋል፤ የአካል እንቅስቃሴ ችግርም ለሯጮቹ ዘግይቶ መጥቷል። ጥናቱ የክትትል ጥናት በመሆኑ ልዩነቱ ሁሉ ከሩጫ የመጣ ነው ባይባልም፣ ሩጫን ማቆም በራሱ አደጋ የሌለው ውሳኔ አለመሆኑን ያመለክታል።

2. ዕድሜ በሯጭ አካል ላይ

ዕድሜ ሲገፋ የጡንቻ መጠንና ኃይል ይቀንሳል፤ ጅማትም ከጉዳት የሚያገግምበት ፍጥነት ይዘገያል። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ መሻሻል ሲጀምሩ፣ ጅማት ለመጠንከር ወራትን ይጠይቃል። ለረጅም ጊዜ አርፎ የተመለሰ ጎልማሳ በትንፋሹ ብቻ ራሱን ከለካ፣ ጅማቱ ገና ያልተዘጋጀበትን ርቀት ይሮጣል። 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በመካነ ሰላም ይህ ስሕተት ይበልጥ ቅርብ ነው፤ የደጋው ነዋሪ ትንፋሽ አየሩን ለምዶታልና። ከፍታ ለደምና ለሳንባ የሚያስገኘውን ልምምድ ግን ለጅማት አያስገኝም።

የታላላቅ አትሌቶች ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 በኒውዮርክ ማራቶን በጉልበት ሕመም ምክንያት አቋርጦ ከሩጫ መሰናበቱን ቢያስታውቅም ውሳኔውን ቀልብሶ እስከ 2015 በውድድር ቆይቷል። ቀነኒሳ በቀለ ከባት ጉዳትና ከተረከዝ ጅማት ሕመም ጋር ለዓመታት ታግሎ በ37 ዓመቱ ማራቶንን በ2:01:41፣ በ41 ዓመቱ ደግሞ በ2:04:15 አጠናቋል። ሐኪምና አሠልጣኝ በቅርቡ የሌለው ሯጭ እነርሱን በፍጥነት ሊከተል አይችልም፤ ጉዳት የሩጫ ፍጻሜ አለመሆኑን ግን ሊማርባቸው ይችላል።

3. ዳገትና ቁልቁለት

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች የሚወርድ በመሆኑ፣ ከሜዳማው ክፍል ወጣ ያለ ሯጭ ዳገትና ቁልቁለት ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት እንዳሳየው፣ 9 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ እግር መሬት ሲመታ የሚያርፍበት ከፍተኛ ግፊት ከሜዳው በ54 በመቶ፣ ፍጥነትን ለመግታት የሚወጣው ኃይል ደግሞ በ73 በመቶ ይጨምራል። በዚያው ልክ ባለ ዳገት ላይ በአንጻሩ ወደፊት የሚገፋው ኃይል በ75 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ቁልቁለት በተለይ ጉልበትንና የፊት ጭንን፣ ዳገት ደግሞ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ይጫናል። 6 ኪሎ ሜትር ሜዳ እና 6 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በርቀት እኩል ቢሆኑም በጫና እኩል አይደሉም።

4. አያያዝ

የተረከዝ ጅማት ሕመምን በተመለከተ የስዊድን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሥራ መሠረታዊ ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 44 ዓመት የሆነ 15 የመዝናኛ ሯጮች ለ12 ሳምንታት በየቀኑ ተረከዛቸውን ከደረጃ ጠርዝ ላይ በዝግታ ዝቅ የማድረግ ልምምድ ሠርተው ሁሉም ወደ ቀድሞ ሩጫቸው ተመልሰዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በጤነኛው እግር ከፍ ብሎ በታመመው ዝቅ ማለት፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበትን ዘርግቶም አጠፍ አድርጎም፣ ጠዋትና ማታ። ሲለመድም ክብደት በጀርባ ቦርሳ ይጨመራል። የድንጋይ ደረጃ ባለበት ሁሉ ሊሠራ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ሩጫን ጨርሶ ማቆም ግዴታ አይደለም። ሌላ የስዊድን ጥናት፣ በ2007 የታተመ፣ ሕመሙ ከ10 ነጥብ 5ን እስካላለፈ፣ በማግስቱ ጠዋት እስከረገበ፣ ሕመሙና የጅማቱ ግትርነትም ከሳምንት ሳምንት እስካልጨመሩ ድረስ፣ ሩጫ መቀጠል ማገገምን እንደማያደናቅፍ አሳይቷል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ የሚሰማው የተረከዝ ግትርነት ከትናንቱ ከረዘመ የትናንቱ ጫና በዝቷል ማለት ነው፤ የዕለቱ ሩጫ በሜዳ ላይ እርምጃ ይተካል። ወደ ሩጫ ሲመለሱም መጀመሪያ ሜዳ፣ ቀጥሎ ለተረከዝ ታማሚ ለስላሳ ቁልቁለት፣ ለጉልበት ታማሚ ለስላሳ ዳገት፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይቀላቀላሉ።

5. ጥንቃቄዎች

ሦስት ነገሮች በተለይ ሊታወቁ ይገባል። አንደኛ፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ሕመሙን እንጂ ምክንያቱን አያስወግዱም፤ ለመሮጥ ሲባል መዋጣቸው የጠዋቱን ምልክት ይሸፍናል፣ በጎልማሶች ላይም ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰል ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ጅማትን እስከ መበጠስ ሊያደርሱ ይችላሉ። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይበረታል፤ የታዘዘለት ሰው ሩጫውን ለሐኪሙ መንገር አለበት። ሦስተኛ፣ ከኋላ የተመቱ ያህል ድንገት ተሰምቶ በእግር ጣት መቆም ካቃተ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ወጌሻ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ማሸትና መጎተት የተበጠሰውን አይገጥምም፤ መዘግየትም ሕክምናውን ያከብደዋል።

6. መደምደሚያ

የጎልማሳ ሯጭ ጉዳት በአብዛኛው ጅማቱ ከተዘጋጀበት በላይ ጫና የመሸከሙ ውጤት ነው፤ ዕድሜ ይህን ልዩነት ያሰፋዋል፣ ቁልቁለትና ዳገትም ይደብቁታል። በአካባቢው የሚሠሩ ተመራቂ ተማሪዎች የሩጫ ጫናን ከኪሎ ሜትር ይልቅ በወጡትና በወረዱት ሜትር የሚመዘግብ ቀላል የዕለት መዝገብ ቢያዘጋጁና ከጠዋት ምልክቶች ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ለደጋው ሯጭ የሚስማማ መመሪያ ለማውጣት መሠረት ይሆናል።