ልጅን ስለ መሰየም

አንባቢ ሆይ፥ በመርሳ ገበያ «ማስረሻ!» ተብሎ ሲጠራ ብትሰማ፥ ልጁ ከኀዘን በኋላ እንደ ተወለደ ወዲያው ታውቃለህ። «ምናሴ» የሚለውን ስም ስታነብ ግን ድምፁን ብቻ ይዘህ ታልፋለህ። ሁለቱ በትርጓሜ አንድ ናቸው፤ ዮሴፍ በግብፅ የበኵር ልጁን እንዲህ የሰየመው እግዚአብሔር መከራውን ስላስረሳው ነውና (ዘፍ. 41፥51)። ሔዋን በአቤል ፋንታ የወለደችው «ሴት» የተባለው ልጅም በእኛ አገር ምትኩ የምንለው ነው። እስማኤል «እግዚአብሔር ይሰማል» ማለት ነው፤ ዕብራይስጥ የአማርኛ ዘመድ ነውና «ሰማ» የሚለው ቃላችን በውስጡ አለ። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ልጁን ኢስማኢል ሲል ይህንኑ ስም ይጠራል።

ነገር ግን ስም ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወላጆቹ ከጎረቤት ጋር በተጣሉበት ዓመት ተወልዶ የጠቡን ስም የተሸከመ ልጅ አውቃለሁ፤ ጠበኞቹ ታረቁ፥ ስሙ ግን በእርሱ ላይ ቀረ። ራሔልም በምጥ ስትሞት ልጅዋን ቤንኦኒ፥ የኀዘኔ ልጅ፥ አለችው። ያዕቆብ፥ የሚወዳት ሚስቱ ልትሞት ስትል የተናገረችው ቃል ቢሆንም፥ ለወጠው፤ ብንያም፥ የቀኝ እጅ ልጅ፥ ብሎ ጠራው (ዘፍ. 35፥18)። ኀዘኑም መታሰቢያ አላጣም፤ በቤተ ልሔም መንገድ በመቃብርዋ ላይ ሐውልት አቁሞላታልና።